ፍላሽ ላይ የጫንኩት ሊኑክስ ለምን ሁሉንም ይረሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦

«ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የራሴ ላፕቶፕ የለኝም። በሳምንቱ መሃል ላብ ወይም ኢንተርኔት ቤት እጠቀማለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደሴ ስመጣ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር አለ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስን ከነፕሮግራሜና ከነፋይሌ በኪሴ ይዤ መዞር ፈለግኩና ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጫንኩት። ይነሳል፣ ይሰራል። ግን አጥፍቼ ሳበራው የጫንኩት ፕሮግራም የለም፣ የጻፍኩት የለም፣ የዋይፋይ ፓስወርዱ እንኳ የለም። ምን አጠፋሁ? በቋሚነት የሚጫንበት መንገድስ አለ ወይ?»

አብሽሪ እህቴ። ምንም አላጠፋሽም። አንዲት ተንሸራታች ነገር ዘለልሽ፣ በቃ።

ሩፈስ ላይ የኡቡንቱን አይኤስኦ ፋይል (መላ ሲስተሙ ታሽጎ የሚወርድበትን) ስትመርጪ ከስሩ አንድ ተጨማሪ መስመር ይመጣል። «ፐርሲስተንት ፓርቲሽን ሳይዝ» ይላል፤ ለውጥሽ የሚቀመጥበት ክፍል መጠን ማለት ነው። ሲከፈት ዜሮ ላይ ነው የሚቆመው። ሰው ሁሉ ሳያየው «ስታርት»ን ይጫናል። እኔ ጋ ፍላሽ ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ እዚያው ዜሮ ላይ የቀሩ ናቸው። ተንሸራታቿን ወደ ቀኝ ገፋ አድርገሽ 8 ወይም 10 ጊጋ ብትሰጫት ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጽፊልኝም ነበር። አንድ ነገር ልብ በይ። ሩፈስ መጻፍ ሲጀምር «በአይኤስኦ ሞድ ወይስ በዲዲ ሞድ?» ብሎ ከጠየቀሽ አይኤስኦውን ምረጪ። ዲዲ አይኤስኦውን እንዳለ ፍላሹ ላይ ስለሚገለብጠው እሱን ከመረጥሽ ተንሸራታቿን ምንም ያህል ብትገፊያት ዋጋ የላትም።

ችኩል ከሆንሽ መልሱ ይኸው ነው። ሂጂና እንደገና ጻፊው። ግን «በቋሚነት» ብለሻል። ያ ቃል ሰፋ ያለ ነገር አለበት፤ ሻይ ካለሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚረሳ። አይኤስኦው ውስጥ ያለው ሲስተም ተጨምቆ የታሸገ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አንቺ ፕሮግራም ስትጭኚ፣ ፋይል ስትከፍቺ፣ የዴስክቶፑን ምስል ስትቀይሪ ለውጡ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራም ባዶ ይሆናል፤ ሥራሽም አብሮ ይሄዳል። ይህ ጉድለት አይደለም። ሲጀመር የታሰበው ለሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ክኖፒክስ የሚባለው ከሲዲ የሚነሳ ሊኑክስ ሲመጣ ሲዲ ላይ ምን ይጻፋል? ያ ልማድ ነው እስካሁን የዘለቀው።

ፐርሲስተንስ የሚሉት ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ልጅ ሆነን የመማሪያ መጽሐፍ በላስቲክ እንሸፍን የነበረውን አስቢው። መጽሐፉ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ የመንግሥት ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ግን ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ ብትጽፊ ማን ይከለክልሻል? ከላይ ሆነሽ ስታዪው ጽሑፍሽና መጽሐፉ አንድ ላይ ይታያሉ። ፐርሲስተንስም እንዲሁ ነው። የታሸገው ሲስተም ከስር እንዳለ ይቀራል፤ የአንቺ ለውጥ ከላይ ባለ ሌላ ንብርብር ላይ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ብዙ ሰው በኋላ ነው የሚነቃው። አንደኛ፣ አብሮት የመጣ ፕሮግራም ብታጠፊ ቦታ አታተርፊም። ላስቲኩ ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተሽ ከስር ያለውን ሸፈንሽው እንጂ ገጹ አልተቀደደም። ሁለተኛ፣ «መላ ሲስተሙን አፕዴት ላድርግ» ካልሽ ቦታሽ በአንድ ማታ ሊያልቅ ይችላል። አዲሱ ሁሉ አሮጌው ላይ ይነባበራላ። የኡቡንቱ ላይቭ (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳው) ላይ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የሚነሳው ከአይኤስኦው ጋር ከመጣው ፋይል ስለሆነ ከርነል ማደሱም ፋይዳ የለውም። የምትፈልጊውን ፕሮግራም ብቻ ጫኚ። ብራውዘሩን አድሺ። ሌላውን ተዪው።

እንግዲህ ሰው «ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ጫንኩ» ሲል ከሦስት አንዱን ማለቱ ነው። አንዱ ያንቺ ዓይነት፣ የሚረሳው። ሁለተኛው ላስቲክ የለበሰው። ሦስተኛው ልክ ሃርድ ዲስክ ላይ እንደሚጫነው ሙሉ በሙሉ የተጫነ ነው። ሦስተኛውን ሁሉም ይመኘዋል። «ሙሉ» ሲባል የተሻለ ይመስላላ። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የሊኑክሱ ዓይነት ሳይሆን ፍላሹ ነው።

ስለዚህ ስለ ፍላሹ እናውራ።

ከመንገድ ላይ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጪ። ፒያሳም በይው ሰኞ ገበያ፣ ጠረጴዛ ላይ «2 ቴራ» ተብሎ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ ፍላሽ ካየሽ ውሸት ነው። በእርግጠኝነት። ውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ግን 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይሰራል። ከዚያ በኋላ የምትጽፊው ወይ ይጠፋል ወይ አሮጌውን ይደፈጥጣል። ስሙና መጠኑ ግን በትክክል ይታይሻል፤ ተንኮሉ እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ኤች2 ቴስት ደብሊው» የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለች። ፍላሹን ጢም አድርጋ ትጽፍና መልሳ ታነባለች። ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ኤፍ3» አለ። ጊዜ ይወስዳል፤ ምሳሽን በልተሽ ነይ።

በነገራችን ላይ 32 ጊጋው ዊንዶውስ ላይ 29.8 ሆኖ ቢታይሽ ተጭበርብረሽ አይደለም። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። በዚህ የተነሳ ከባለሱቅ ጋር ሲጣሉ አይቻለሁ። ባለሱቁ ምስኪን ነበር።

ቀጥሎ ፍጥነት። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የንባብ ፍጥነት ነው፤ ያውም ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ትልቅ ፋይል አይደለም የሚጽፈው። ቀኑን ሙሉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነገሮችን እዚህም እዚያም ይጽፋል። ርካሽ ፍላሽ እዚህ ላይ ነው ጉልበቱ የሚከዳው። ፊልም ሲገለበጥበት የሚበር ፍላሽ፣ ብራውዘር ሲከፈትበት ኮምፒውተሩን አድርቆ ያስቀምጠዋል። ሶኬቱም ይለያያል። ዩኤስቢ 2.0 በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ቢሰጥሽ ነው። 3.0 የሚባለው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ አለው። ፍላሹም ሶኬቱም 3.0 ሲሆኑ ነው ልዩነቱ የሚታይሽ። ዴስክቶፕ ላይ ከፊት ያለው አሮጌ፣ ከኋላ ያለው ሰማያዊ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ጎንበስ ብለሽ እዪ።

ደግሞ ፍላሽ ያረጃል። ውስጡ ያሉት ሴሎች የሚጻፍባቸው ጊዜ የተወሰነ ነው። ጥሩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ጽሕፈቱን ለሁሉም ሴል እያከፋፈለ ዕድሜውን ያራዝማል። ርካሽ ፍላሽ ግን ይህን ሥራ ወይ ጨርሶ አይሰራውም ወይ ለይምሰል ነው። ሙሉ ሊኑክስ ጭነሽበት ቀን ከሌት ከተጻፈበት አንድ ቀን ድንገት «አይጻፍብኝም» ይልሻል። ሲሰራ መሞቁን ደግሞ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ደሴ ብርድ ላይ ብዙም አይሰማም። ኮምቦልቻ በቀትር ግን ስትነቅዪው ተጠንቀቂ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍላሽሽ መካከለኛ ከሆነ ላስቲክ የለበሰው ከሙሉው ይሻልሻል። ሲስተሙ ተጨምቆ ስለተቀመጠ ከፍላሹ የሚነበበው ትንሽ ነው። ፕሮሰሰሩ ይፈታዋል፤ ፕሮሰሰር ደግሞ ከፍላሽ ይፈጥናል። ስለዚህ በደካማ ፍላሽ ላይ ላይቩ ከሙሉ ጭነቱ ቀልጠፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። ሲነገራቸው የማያምኑኝ አሉ። ሞክረው ይመለሳሉ።

እና ምን ልጫን? ኡቡንቱን አልመክርሽም። ጥሩ ነው፣ ግን ከብዷል። የ24.04 አይኤስኦው ብቻ ወደ 6 ጊጋ ነው፤ 2 ጊጋ ራም ባለው የኢንተርኔት ቤት ማሽን ላይ ደግሞ ገና ከመነሳቱ ይንገዳገዳል። ለአንቺ የምመርጠው ኤምኤክስ ሊኑክስን ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለውን። አይኤስኦው ከኡቡንቱ በጣም ያንሳል። ዴቢያን በሚባለው የቆየ ሊኑክስ ላይ ስለተሠራ ፓይተኑም የሲ ኮምፓይለሩም ሊብረ ኦፊሱም እንደልብ ይገኛል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ፍላሽ ላይ ለመኖር ታስቦበት ተሠርቷል። ሌሎቹ ፍላሽ ላይ እንግዳ ናቸው፤ እሱ ባለቤት ነው።

አሠራሩ ሁለት ፍላሽ ይፈልጋል። አንዱን ከጓደኛ ተበደሪ፣ 4 ጊጋም ቢሆን ይበቃል። ግን ባዶ ይሁን፤ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። አይኤስኦውን ካወረድሽ በኋላ ሳይጎድል መድረሱን አረጋግጪ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ነው ግማሹን ችግር የሚያመጣው። ሰቨን ዚፕ የሚባለው የፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም ካለ ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭነሽ «ኤስኤችኤ 256» የሚለውን ምረጪ። የሚያወጣው ረጅም ቁጥር ከማውረጃው ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። መጀመሪያና መጨረሻውን ጥቂት ፊደል ብታመሳክሪ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ከዚያ በሩፈስ በተበደርሽው ፍላሽ ላይ ጻፊው። አሁን ግን በዲዲ ሞድ። አዎ፣ ከላይ ካልኩት ተቃራኒ፤ ይህ ፍላሽ ማስነሻ ብቻ ስለሆነ ለውጥ መያዝ አያስፈልገውም። በእሱ ኮምፒውተሩን አስነሺ። ሲነሳ የራስሽን 32 ጊጋ ሰኪና «ላይቭ ዩኤስቢ ሜከር» የሚለውን የኤምኤክስ መሣሪያ ክፈቺ። አሁን የሚሠራውን ሲስተም ራሱን ቅዳ የሚል ምርጫ አለው፤ አይኤስኦውን ፍለጋ አትሄጂም። ለዳታ የሚሆን ክፍልም ከመጀመሪያው እንዲሠራልሽ ማድረግ ትችያለሽ። ሲሶውን ስጪው። ይህ ክፍል ዊንዶውስ የሚያነበው ይሆናል፤ አሳይንመንትሽን ለማተምና ራስሽ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል ለመቀባበል ያገለግልሻል። የዳታው ክፍል መጀመሪያ ላይ መሆኑ ለውበት አይደለም። የቆዩ ዊንዶውሶች ፍላሽ ላይ የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው።

ጨርሰሽ በራስሽ ፍላሽ ስታስነሺ መነሻው ሜኑ ላይ የፐርሲስተንስ ምርጫ አለ። እዚህ ጋ ቀስ በይ። ብዙ ዓይነት ዘርዝሮ ያቀርባል። በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ለውጥሽን ራም ላይ አቆይቶ ስታጠፊ በአንዴ ወደ ፍላሹ ይገለብጣል። ፈጣን ነው፤ ፍላሹንም አያደክመውም። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው «ስታቲክ» የሚል ቃል ያለበት ነው። እየሠራሽ እያለ በቀጥታ ፍላሹ ላይ ይጽፋል። ዘገምተኛ ነው።

እኔ ስታቲኩን ነው የምልሽ። ለምን? መብራት። ኢንተርኔት ቤት የምትቀመጪበት ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፕሮጀክትሽን ስትሠሪ ቆይተሽ መብራት እልም ቢል ራም ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ እልም ነው። «ስታጠፊ እገለብጣለሁ» ያለው ለመገልበጥ ፋታ አላገኘማ። በመሃል እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ማን ያስታውሳል? መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ሰው የጻፈውን ምክር እዚህ እንዳለ ማምጣት አይሆንም። የአክስትሽ ልጅ ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚይዝ ከሆነ እዚያ ላይ ፈጣኑን መጠቀም ትችያለሽ።

መጀመሪያ ሲነሳ ለሲስተሙና ለግል ፋይልሽ ስንት ስንት ልስጥ ብሎ ይጠይቅሻል። ለሲስተሙ 6፣ ለግል ፋይል 8 ጊጋ በይው። ፓስወርድ ቀይሪ ሲልሽ በደንብ ቀይሪ። የመጀመሪያውን ፓስወርድ ኤምኤክስን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ማሽኖቹ በጣም አሮጌ ከሆኑ፣ 1 ጊጋ ራም ዓይነት፣ ፐፒ ሊኑክስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የነበረ ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ሆኖ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይቀመጣል። መልኩ አያምርም። ይሠራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። «እኔ ሙሉውን ካልጫንኩ» ካልሽ በፍላሽ ሳይሆን በኤስኤስዲ አድርጊው። 120 ጊጋ ያገለገለ ኤስኤስዲ ፈልጊና ዩኤስቢ ያለው ኬዝ ውስጥ ክተቺው። ከኪስ ትንሽ ይበልጣል፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱ ከላፕቶፕ አይተናነስም። ገንዘብ ካለሽ ይህን የሚያህል የለም።

ግን ሙሉ ስትጭኚ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ላፕቶፑን ለሌላ ጉዳይ ጥሎልኝ ሄደ። ሥራውን ጨረስኩና የራሴን ሊኑክስ በሱ ላፕቶፕ ተጠቅሜ ውጫዊ ዲስክ ላይ ጫንኩ። ጫኚው ፕሮግራም «ማስነሻውን የት ላስቀምጥ?» ሲለኝ የራሴን ዲስክ መርጫለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ደንበኛዬ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሐይቅ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬ ጥቁር ሆኖ አንድ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ቁጭ ብሏል» አለኝ። ደሜ ቀዘቀዘ። ምን ሆነ መሰለሽ? በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው አዲሱ የአነሳስ ዘዴ) በሚነሱ ማሽኖች ላይ ያ የኡቡንቱ ጫኚ አንቺ የመረጥሽውን ወደ ጎን ትቶ ማስነሻውን የማሽኑ የውስጥ ዲስክ ላይ ያስቀምጠው ነበር። የታወቀ ችግር ነው። እኔ ግን አላውቀውም። የሰውዬው ላፕቶፕ ሲነሳ እኔ ኪስ ውስጥ ያለውን ዲስክ ይፈልጋል ማለት ነው። ደግነቱ ዊንዶውሱ አልተነካም። በስልክ እየመራሁት የመነሻ ሜኑውን አስከፈትኩትና «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን አስመረጥኩት። ተነሳለት። ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ አጸዳሁለት። አሳ ጋበዘኝ። እኔ ነበርኩ መጋበዝ የነበረብኝ።

ስለዚህ ሙሉ ስትጭኚ ከተቻለ የውስጡን ዲስክ ንቀዪ ወይም ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። ካልተቻለ ከመጫንሽ በፊት «ጂፓርትድ» በሚባለው የዲስክ ክፍሎች ማስተካከያ ላይ የውስጡን ዲስክ ማስነሻ ክፍል ምልክቱን ለጊዜው አንሺለት፤ ስትጨርሺ መልሺለት። ምልክቱ «ኢኤስፒ» እና «ቡት» የሚሉት ናቸው። መመለሱን ከረሳሽ ዊንዶውሱ ሊያኮርፍ ይችላል። ይህን ስሠራ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አንቺም ጻፊ። በሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሪው፤ ኤምኤክስን የመረጥኩልሽ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ላይቭ ዩኤስቢ ሜከር የሚጽፈው በመረጥሽው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። በተጨማሪ ማንኛውም ማሽን ከማያውቀው ዲስክ ሲነሳ ማስነሻ ፋይሉን የሚፈልግበት የታወቀ ስምና ፎልደር አለ፤ የኤምኤክስ ፍላሽ ፋይሉን እዚያው አስቀምጦ ይመጣል። ሙሉ ጭነት ግን ብዙ ጊዜ በተጫነበት ማሽን ብቻ ተነስቶ ሌላው ላይ እምቢ ይላል። ያ ማስነሻ ፋይል በዚያ በሚታወቀው ስምና ፎልደር ስላልተቀመጠ ነው።

ማስነሳቱን በፍጥነት ልለፈው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ቶሺባና ኤሰር ላይ ኤፍ12፤ ኤችፒ ላይ መጀመሪያ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይ ኤፍ12 ባዮስ ውስጥ ካልተፈቀደለት አይሠራም። ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ማስነሻን የሚያግደው ጥበቃ) ከከለከለሽ ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ቆይ! ማሽኑ የሰው ከሆነና ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡቱን ስትነኪ በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ አምጡ ሊል ይችላል። ባለቤቱ ያንን ቁልፍ ካላወቀው ጉድ ፈላ። ሳትጠይቂ አትንኪ። ላብ ውስጥ ባዮሱ በፓስወርድ ከተዘጋ ደግሞ ኃላፊውን ጠይቂ፤ ሌላ ዘዴ አትፈልጊ።

ኢንተርኔት ቤት ላይ ሁለት ነገር ጠብ እንዳያመጣብሽ። አንደኛው ሰዓት ነው። ሊኑክስ ከኢንተርኔት ሰዓቱን ያስተካክልና የማሽኑን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሞላዋል። ዊንዶውስ ግን ያ ሰዓት የአገር ውስጥ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም አንቺ ከተነሳሽ በኋላ የካፌው ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደኋላ ይላል። ሂሳብ የሚቆጥሩት በኮምፒውተሩ ሰዓት ከሆነ ባለቤቱ ምን እንደሚልሽ አስቢ። አንዱ እኔን «ቆጣሪ ወደኋላ ታስኬዳለህ» ብሎኛል። ኤምኤክስ የሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ የሃርድዌር ሰዓቱ የአካባቢ ሰዓት ነው የሚለውን ምረጪ፤ ይለቅሻል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ፍላሽሽን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኪ የሊኑክሱን ክፍል ማንበብ ስለማይችል «ዲስኩ ከመጠቀምሽ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት» ይልሻል። ካንስል። ሁልጊዜ ካንስል። የካፌው ልጅ «ቫይረስ ነው፣ ላጽዳልሽ» ብሎ እሺ ቢለው የሦስት ወር ሥራሽ በአሥር ሰከንድ ያልቃል። ፍላሽሽን ለሌላ ሰው ኮፒ አድርግልኝ ብለሽ አትስጪ። ከሰው ጋር ለመቀባበያ ሌላ ትንሽ ፍላሽ ይኑርሽ።

ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ከሊኑክስ ከፍተሽ ፋይል ማውጣት ከፈለግሽ፣ ዊንዶውሱን አስቀድመሽ «ሪስታርት» እንጂ «ሻት ዳውን» አታድርጊው። ሻት ዳውን ሲባል አሁን ያለው ዊንዶውስ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው፤ ዲስኩንም ይዞት ይተኛል።

ዋይፋዩ በአንዳንድ ማሽን አልይዝ ካለ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን) አብሪ። ወዲያው ይይዛል። የኤንቪዲያ ስክሪን ካርድ ድራይቨር ግን አትጫኚ፤ አንዱ ማሽን ላይ ያማረልሽ ሌላው ላይ ጥቁር ስክሪን ይሆንብሻል።

አማርኛ መጻፊያውን አልጠየቅሽም፣ ግን ትጠይቂያለሽ። «አይባስ» የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም «ኤም17ኤን» ከሚባለው የቋንቋዎች ስብስብ ጋር ጫኚና ከአማርኛዎቹ ውስጥ «ሴራ»ን ምረጪ። በላቲን ፊደል እየመታሽ በግዕዝ ይወጣልሻል። ለፊደሉ ቅርጽ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ አሉ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ቅርጹ ስለሚቀየር ገጹ ይዛባል። የምታስገቢው አሳይንመንት ከሆነ በፒዲኤፍ አውጥተሽ አትሚው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከመጣልሽ ደግሞ ዝባዝንኬ ምልክት ሆኖ ይታይሻል፤ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ያኔ ፊደሉ የተቀመጠበት ኮድ ሌላ ስለነበረ ነው።

የቀረው ኮፒ ነው። ቅዳሜ ደሴ ስትገቢ የግል ፋይልሽን የአክስትሽ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪ። ሐረጎን ስትወጪ ሚኒባስ ውስጥ ፍላሽ ከኪስ መንሸራተቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ያጣሁት አንድ አለኝ። ከቁልፍ መያዣሽ ጋር እሰሪው። ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ የሆነ ነገር እምቢ ካለሽ የማሽኑን ስም፣ የራሙን መጠንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል በፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። «አይሠራም» ብቻ ካልሽኝ እኔም «አይሠራም» ከማለት በቀር የምልሽ የለኝም።